ያልታየው የአባቴ ጀርባ

ለተከበሩ የአረጋውያን መጦሪያችን ሥራ አስኪያጅ
ጂንካ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርስዎም ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ ወገብና ጀርባዎ በመልካም ጤንነት እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። ጀርባ ለሰው ልጅ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

ምንተስኖት ዶላሞ እባላለሁ፤ አናጺ ነኝ። አባቴ አቶ ዶላሞ ገዘር በሚባለው አገራችን ሲያርሱ ኖረው ስትሮክ ስለመታቸውና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ስላላቸው፣ እኔም የሆቴል በርና መስኮት ለመሥራት ቱርሚ ስለምመላለስ፣ በታኅሣሥ ለእርስዎ ማዕከል አስረከብኳቸው። በሰኔ አስከሬናቸውን ተረከብኩ። ምስጋናዬን እንደ ቢሮ ወግ በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ስልጠናው አመሰግናለሁ። አባቴን ትንከባከብ የነበረችው ሩሃማ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ሥራውን የጀመረችው በሦስት ቀን ስልጠና ነበር። አንደኛው ቀን በመክፈቻ ንግግር አለቀ፤ ሁለተኛው ቀን መብራት እስኪጠፋ ድረስ ስለ ደንበኛ አያያዝ በፕሮጀክተር ታየ፤ ሦስተኛው የሰርተፍኬትና የፎቶ ቀን ሆነ። ተኝቶ የሚውል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ጎኑ መቀየር እንዳለበት፣ ወገቡና መቀመጫው ቀልቶ እንደሆነ በየቀኑ መታየት እንዳለበት ለመናገር ጊዜ አልተረፈም። ፎቶው ግን ቢሮዎ ውስጥ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ፤ እሰይ፣ በጣም ያምራል።

2ኛ. ስለ ቅጹም አመሰግናለሁ። አልጋቸው ግርጌ በተንጠለጠለው ቅጽ ላይ፣ «የቆዳ ሁኔታ» ከሚለው ትይዩ፣ ስድስት ወር ሙሉ «ደህና» ተብሎ ተጽፏል። ልጅቷ አልዋሸችም። በየጠዋቱ በቋንቋቸው በአሪኛ ደህና አደሩ ወይ ብላ ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም ሕመማቸውን ለልጅ የማይናገሩ የድሮ ሰው ናቸውና ደህና ነኝ ይሏታል፤ እሷም ያሉትን ትጽፋለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ የሚመክሩን ራሳቸው ነበሩ፤ ለራሳቸው ሲሆን ረሱት። ፊታቸውን ታጥባለች፣ እግራቸውን ታጥባለች፣ ታጎርሳለች፤ አንሶላ ስትቀይር ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የአያቷን እኩያ ገላ መግለጥ ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ናት። ፈቃድ ጠይቆ፣ ሌላውን በአንሶላ ሸፍኖ፣ መታየት ያለበትን ቦታ ብቻ መግለጥ እንደሚቻል ማን ነገራት? ይህ የሩብ ሰዓት ትምህርት ነበር።

3ኛ. ከአባቴ አልጋ ሽታ መውጣት ሲጀምር መስኮት እንዲከፈት በማኅተም የተደገፈ መመሪያ ስላስተላለፉ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ሐኪሙ በጎናቸው አስተኝቶ ልብሳቸውን ገለጠ። ወገባቸው ሥር የነበረው ቁስል አጥንት ያሳይ ነበር። በአራተኛው ቀን አረፉ። ሩሃማ ለቅሶ መጥታ ድንኳኑ በር ላይ ተቀመጠች፤ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ «አክብሬያቸው ነበር።»

4ኛው የእርስዎ አይደለም፤ የራሴ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ሙዝ ይዤ እመጣ ነበር። ደህና ነኝ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። እኔም የአባት ገላ አይታይም ብዬ ጋቢያቸውን ገልጬ አላየሁም። ያንገበግበኛል፤ እስክሞት ያንገበግበኛል።

ልጅቷን ቸልተኛ ናት ብለው አሰናብተው «ችግሩ ተፈቷል» የሚል ማስታወቂያ አባቴ ባረፉ በሁለተኛው ቀን ስለለጠፉ ፍጥነትዎን አደንቃለሁ። አባቴን ለማገላበጥ ስድስት ወር ያጣነውን ፍጥነት ነው ያሳዩን።

አክብሮት ሰው ሊገድል እንደሚችል ካየሁ ወዲህ በመጠኑ የማከብርዎ፣
ምንተስኖት ዶላሞ

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ የአባቴን ልብስ ልወስድ ስመጣ አልጋቸው ላይ ከአርቦሬ የመጡ ሌላ ሽማግሌ ተኝተዋል። አዲሷን ልጅ ጀርባቸውን አይተሽዋል ወይ ብዬ ብጠይቃት አንገቷን ደፋች። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ፈልገን ፈቃዳቸውን ጠየቅን፤ አንሶላ ከልለን አብረን ገለጥን። ወገባቸው ላይ የሳንቲም ያህል ቀልቷል፤ ገና አልቆሰለም። ዛሬ ሐሙስ ነው። ክቡር ሆይ፣ ይህን አንብበው ሲጨርሱ መልስ አይጻፉልኝ፤ ተነሥተው ሄደው ሰውየውን ያገላብጧቸው።