ዶርቃ ከዳሬሰላም እስክትመለስ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኤልቃና ሰሎሞን፣ ጆሃንስበርግ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሳብህ ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህ ዓለምስ፣ ቤኪያችንስ ደህና ናቸው? ሱቁስ ሰላም ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ሐዘን ቤት ውስጥ «ደህና ነን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስለምታውቀው አላስረዝመውም። እማዬ እህል መቅመስ ጀምራለች። የአባዬን መርዶ በሰው አገር፣ በቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎች አፍ መስማትህ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል፤ ዓለም አጠገብህ ነበረች እያለች ትጽናናለች።

ባለፈው ስትደውል ዶርቃ ራኬቷን ለምን እንደጣለች፣ በጥንድ አብራት ከምትጫወተው ከባርኮትስ ጋር ተጣልተው እንደሆነ ጠየቅኸኝ። እማዬ አጠገቤ ስለነበረች በኔትወርክ አሳብቤ ዘጋሁት። አሁን የታችኛው ፎቅ ሣህሌ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይህን በእጁ ላክሁ። እዚህ የካ አባዶ ውኃ አራተኛ ፎቅ ለመድረስ ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወሬ ግን በደረጃ ሲወጣ አይደክመውም። ቅናት ነው የሚሉ አሉ፣ ወንድ ነው ያጣላቸው የሚሉም አሉ። አንተ ግን ከእኔ ስማው። የታናሽ እኅታችን እንዲህ መቅረት ሁለተኛ ሐዘን ሆኖብናል።

አባዬ ያረፈው ዶርቃን ከቡድኑ ጋር ለምሥራቅ አፍሪካ የባድሜንተን ውድድር ኤርፖርት ሸኝተን በተመለስን ማግስት ነው። «ደረቴን» አለ፣ አለቀ። ከቀብር እንደተመለስን ለዶርቃ ይነገራት አይነገራት ተባለ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ሀብተወልድ ከየካ ሚካኤል እንደመጡ ነጠላቸውን ሳያወልቁ፣ መርዶ የሚነገረው ደግፎ የሚይዝ ዘመድ ባለበት ነው፣ ልጅቷን በሰው አገር ሆቴል ውስጥ ልትገድሏት ነው ወይ ብለው ተቆጡ። የእኛም ፓስተር እውነታቸውን ነው አሉ። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው በዚህ ቤት በአንድ ቃል ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደግሞ የሄዱት አራት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ብትመለስ ቡድኑ ፈረሰ ማለት ነበር። አንተንም ለዶርቃ ምንም እንዳትጽፍላት ያስጠነቀቅንህ ለዚህ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ያሸንፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። በመጀመሪያው ቀንማ ያቺ ላባ የተሰካባት ኳስ ጉድ ሠራቻቸው። እዚህ በእንጦጦ ስስ አየር ትንሽ ሲነኳት ትበራለች፤ ዳሬሰላም ባሕር ዳር ግን አየሩ ከባድ ነውና የመቷት ሁሉ መረቡ ሥር ወደቀች። ተሸነፉ። እኛም ከነገ ወዲያ ትመጣለች፣ አልቅሳ ይወጣላታል ብለን ተዘጋጀን። በማግስቱ አሸነፉ። በሦስተኛውም ቀን አሸነፉ። ሐዘንተኛው ድንኳን ውስጥ ጎንበስ ብሎ በስልክ ያያል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ደንግጦ አፉን በነጠላው ይሸፍናል። ማሸነፋቸው በተሰማ ቁጥር እማዬ «ዛሬም አትመጣም?» ትላለች። የአገሩን ልጆች ሽንፈት ሲጸልይ የዋለ ድንኳን ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አብራት የሄደችው ባርኮት ግን ታውቅ ነበር። ከፊት ለፊታችን ብሎክ አይደሉ የሚኖሩት፤ እናቷ ከቀብር መልስ ደውላ ነግራታለች፤ ዶርቃንም ከስልክ እንድትጠብቃት አደራ ብላታለች። እሷም የዶርቃን ቻርጀር ደበቀችና በራሷ ስልክ ብቻ እየመረጠች ታገናኛት ጀመር። እማዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ «አባትሽ ጸሎት ሄዷል» ስትላት አጠገቧ ነበርኩ፤ ስልኩ ሲዘጋ የሆነችውን አልጽፍልህም።

ውድድሩ ታውቃለህ በቡድን ነው፤ አገር ከአገር አምስት ጨዋታ ይጋጠማል፣ ሦስቱን ያሸነፈ ያልፋል። በግማሽ ፍጻሜው ሁለት ለሁለት ሆኑና ዕጣው በእነ ዶርቃ የጥንድ ጨዋታ ላይ ወደቀ። ባርኮት እጇ አልታዘዝ አላት፤ ቀላሉን ሁሉ ትስታለች። የዶርቃን ቁጣ ታውቀዋለህ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ምን ሆነሻል? ሰው ሞቶብሻል እንዴ?» ብላ ጮኸችባት። ባርኮት ኳሷን አንሥታ ሰጠቻት። በዚያው ተሸንፈው፣ በግማሽ ፍጻሜ ለወደቀ ሁሉ በሚሰጠው የነሐስ ሜዳሊያ ሦስተኛ ወጡ።

ስትመለስ ጥቁሬን አውልቄ ያንን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ኤርፖርት እልል አልኩ። እማዬን ጉንፋን ይዟታል፣ ሰፈራችን ውኃ ጠፍቷል ብለን ሲ.ኤም.ሲ አክስታችን እትዬ ወርቅአየሁ ቤት እንድታድር አደረግን፤ መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነውና። ሲነጋ ሳሎኑ በየካ አባዶ ሰው ሞላ። ዶርቃ የጥርስ ብሩሿን እንደያዘች ብቅ አለች። ያን ሁሉ ሰው፣ ጋሽ ሀብተወልድን ሳይቀር ስታይ ፊቷ በራ። ሊመርቋት የመጡ መስሏት «ይህን ያህል መንገድ ለእኔ ብላችሁ?» አለችና ሮጣ ተመልሳ ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ አጥልቃ መጣች። ወንድሜ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ስንት ቤት መርዶ ያረዱ ሰው ግድግዳ ግድግዳውን ያዩ ጀመር። በመጨረሻ ፓስተር «ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሏት። ከሁሉም በፊት ያየችው ባርኮትን ነው። በር ላይ ቆማ ነበር፤ ገና ምንም ሳይነገር እንባዋ ወርዷል።

ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት ዶርቃ ባርኮትን ጠርታ መኝታ ቤት አስገባቻት። እኔ ልብስ እያጠፍኩ ነበርና ሰማኋቸው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት።»

«ታዲያ ያን ቃል ስናገርሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ምን ብዬ ልመልስልሽ ዶርቃ?»

ከዚያ ወዲህ አብረው አልቆሙም። ሰው እንደሚያወራው ቂም ይዛባት አይደለም። እኔም ቂም መስሎኝ፣ ለአንቺ ብላ ነው፣ ይቅር በያት ብዬ ብለምናት ምን አለችኝ መሰለህ? «ይቅር የምትለኝ እሷ ናት እቴ፤ ይቅርም ብላኛለች። ከእንግዲህ ብትስት ልቆጣት አልችልም። ከማትቆጪው ሰው ጋር ደግሞ ጥንድ አይኮንም።» አሰልጣኙ ዘረሰናይ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ለባርኮት ሌላ ጥንድ ልፈልግልሽ ቢላት አልፈልግም አለችው። እንዲህ ሆነው ሁለቱም ቆመዋል።

እባክህ ስትደውል እንኳን ደስ አለሽ እንዳትላት፤ ተጫወቺ ብለህም እንዳታዛት። ስለ አባዬ ብቻ አውራት፤ ቀብሩን አላየችም፣ አንተም አላየህም፤ ሁለታችሁ ትግባቡ ይሆናል።

እማዬ ግንባርህን ስማ ሰላም ብላለች፤ ቤኪን በእኔ አፍ ሳምልኝ ትላለች። እትዬ ወርቅአየሁ ለዓለም የላከችው በርበሬ ከሣህሌ ጋር ነው። ጋሽ ሀብተወልድ አምላክ ያጽናህ ብለዋል። ዶርቃም ሰላም በይልኝ ብላለች። ይህን እየጻፍኩ ባርኮት ለእማዬ ዳቦ ይዛ መጥታ ነበር። ግቢ ስላት ዶርቃ አለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለች አልኳት። ዳቦውን አቀበለችኝና ኤልቃናን ሰላም በይልኝ ብላ ደረጃውን ወረደች።

እኅትህ አስቴር ሰሎሞን

የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.