ዋስትናው የማይሸፍነው ምርቃት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20፣ ጠዋት

አሁንም አልበራም። ማብሪያውን ተጭኜ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ለቀቅኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ። ቁልፎቹ መሀል አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ስክሪኑ ጥቁር።

ማስታወሻዬ፣ ትናንት የሆነውን ስማ። ላፕቶፑ የፈርምዌር ማሻሻያ መጥቷል፣ እስኪያልቅ እንዳታጠፋኝ አለ። ፈርምዌር ማለት ማሽኑን ከእንቅልፉ የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። እሺ አልኩ። ግማሽ ላይ መብራት ሄደ። ባትሪው ይይዛል ብዬ ነበር፣ አልያዘም። ቆቦ ተቀምጦ "እንዳታጠፋኝ" ለሚል ማሽን እሺ የሚል የፊዚክስ መምህር፣ እኔ!

ት/ቤት ረፍዶብኛል። ፈተናው እዚያ ውስጥ ነው፤ ግድ የለም፣ በእጄ እጽፈዋለሁ። የሚያንገበግበኝ የአባዬ ድምፅ ነው። እህቴን መዲናን ስንድር ሲመርቃት የቀዳሁት። የቀዳሁበት ስልክ ባጃጅ ውስጥ ጠፋ፣ ሌላ ቅጂ የለም። ከዚያ ወዲህ አባዬን ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑም አንደበቱም ሄዱ። ጥር 17 ደግሞ የመጨረሻዋ እህታችን ዘሃራ ታገባለች። ያለ አባዬ ምርቃት ከሮቢት፣ ከአባዬ ቤት፣ ንቅንቅ አልልም ብላለች። ድምፁን በስፒከር አሰማሻለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ለመዲና የተባለ ቢሆንም ይሁን ብላ ተስማማች።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ደ.አ. (የላፕቶፑ ኩባንያ የደንበኞች አገልግሎት ብዬ እስከ መጨረሻው ለመጻፍ ትዕግሥቴ አልቋል)። ኔትወርኩ ሻል ሲል በጽሑፍ አወራን። የመጀመሪያዋ ትሑት ናት። ስለገጠመኝ ችግር ከልብ አዘነች። ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ተጫን አለች። ተጭኛለሁ። እንደገና አዘነች። ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችኝ። እዚያ ያለው ከሀ ጀመረ፤ ስም ማን ልበል፣ ቻርጀሩ ተሰክቷል ወይ፣ ሠላሳ ሰከንድ። ኔትወርክ ተቆረጠ። ስመለስ ሦስተኛ ሰው። እሱም አዘነ። የሚያዝን ሰው ሞልቷል፣ የሚያነብ የለም።

ዘሃራ ደወለች። እየተሠራ ነው አልኳት። ምን ልበላት?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 28፣ መምህራን ክፍል

ደረሰኝ ጠየቁ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። መልስ፦ ዋስትናው ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። እንዴት ሆኖ? አምና እኮ ነው የገዛሁት። ለካስ ደረሰኙ ላይ 2017 ይላል። የወልድያው ባለሱቅ የጻፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ በማን ይጻፍ? እነሱ በራሳቸው አነበቡት። ይባስ ብሎ ሌላዋ መጣችና ይህ ሞዴል በዚያ ዓመት ገና አልተመረተም፣ ደረሰኙ ያጠራጥራል አለች። ሁለቱን ስደምራቸው፣ ላፕቶፑን ገና ሳይመረት ገዝቼ ዋስትናውንም ጨርሼበታለሁ። ብቻዬን ሳቅሁ። የኬሚስትሪው መምህር ቀና ብሎ አየኝ።

ስለ ዘመን አቆጣጠራችን ረጅም ማብራሪያ ጻፍኩ። ጳጉሜን ሳይቀር። ጳጉሜን ምን አመጣው? ማስተማር ከጀመርኩ ማቆም አይሆንልኝም። ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን አሉ።

ሰኞ፣ ጥር 4

ባለሱቁ፣ አላህ ይስጠው፣ በፈረንጅ ቀን አዲስ ደረሰኝ ጽፎ በሚኒባስ ላከልኝ። ደ.አ. ተቀበለ! ዘልዬ ልነሳ ስል ቀጣዩን መስመር አነበብኩ። ወደ አዲስ አበባ ይላክ፣ ቦርዱ ይቀየራል፣ ዲስኩ ላይ ያለው በደንቡ መሠረት ይደመሰሳል። ሳምንታት ይፈጃል። ሌላ ሰው ከከፈተው ደግሞ ዋስትናው ይሰረዛል።

አንድ ፋይል ብቻ ነው የምፈልገው ብዬ ለመንኩ። ምን ዓይነት ፋይል ነው አለኝ ሰውየው። የአባቴ ድምፅ፣ አሁን አይናገርም አልኩት። ደንቡ አይፈቅድልኝም፣ አዝናለሁ አለ። አንዴ ብቻ ነው ያለው። የዛሬውስ የምር መሰለኝ።

ስለዚህ ወይ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ወይ አባዬ። ሌላ መግዣ የለኝም፤ ለትምህርቱም ለምኑም እሷው ነበረች። ሲጻፍ ምርጫው ቀላል ይመስላል። ቀኑን ሙሉ ግን ስመላለስበት ዋልኩ፤ በራሴም አፈርኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

ግርማይ ዘንድ ሄድኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግነው። ብሎኗ ላይ የተለጠፈችውን ማኅተም አሳየኝ። ይህቺ ከተቀደደች መመለስ የለም መምህር፣ ልቅደዳት? አለኝ። ቅደዳት አልኩ።

ዲስኩን አውጥቶ የራሱ ማሽን ላይ ሰካው። ፋይሉ አለ። ባጃጁ ይጮኻል፣ ረዳቱ ወልድያ ወልድያ ይላል፣ በዚያ ሁሉ መሀል አባዬ ይመርቃል። የድሮ ሰዎች በኦሮምኛ እንደሚሉት "ሆራ ቡላ" ይላል፤ ርቡ፣ ኑሩ ማለቱ ነው። እዚያው በርጩማው ላይ አለቀስኩ። ግርማይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ምንም የማይበየድ ነገር ይበይድ ጀመር።

ቅዳሜ፣ ጥር 9፣ ሮቢት

ግርማይ ስልኬ ላይ የገለበጠልኝን ለዘሃራ አሰማኋት። አባዬ አልጋው ላይ ደገፍ ብሏል። "ልጄ መዲና" ሲል ዘሃራ አንገቷን ደፋች። እኔ እሷን ሳይ አባዬን ረሳሁት። ቀና ስል ግራ እጁን ዘርግቷል፣ መዳፉ ወደ ላይ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቀረጻው ውስጥ አሚን እንዲባልለት ቆም ሲል እሱም ቆም ይላል። ዝም ስንል አፈጠጠብን፤ ያ የድሮው ማፍጠጥ! አሚን አልን። ቀጠለ።

ዘሃራ ተነስታ ድምፁን አጠፋችው። የአባዬ ከንፈር አላቆመም።

"ወላሂ ሰይዴ፣ ይሄ የመዲና ነው። የኔን እራሱ ይመርቀኛል።"

አይናገርም እኮ አልኳት።

"አሚን የምንልበትን እናውቅ የለ?"

እሑድ፣ ጥር 10

ከደ.አ. መልእክት። ጉዳይዎ ተዘግቷል፣ ችግርዎ ተፈቷል ወይ ይላል። አዎ የሚለውን ነካሁ። ላፕቶፑ እንደሆነ መደርደሪያ ላይ ተጋድሟል።

ለሠርጉ ስፒከር አልወስድም። ቀረጻውን ግን እስከዚያ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ሆራ ቡላ ከማለቱ በፊት አንድ ቦታ ረዘም አድርጎ ያርፋል፤ እዚያ ጋ ሁልጊዜ እቸኩላለሁ። በሠርጉ ቀን አሚን ቀድሜው እንዳልል ነው።