በወረቀት የታሰረ አየር

ለክቡር አቶ ቢያድግልኝ ወልደ ኪዳን
የአነስተኛ ማሽኖች ቁጥጥርና ክትትል ዴስክ ኃላፊ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤና፣ የወንበርዎን ምቾትና የማኅተምዎን ቀለም አለመድረቅ ከልብ እመኛለሁ። እኔ መምህር ያየህ፣ ባለቤቴ ወይዘሮ ጥሩአየሁና አባቴ አቶ ገብረ ማርያም፣ እንዲሁም ዴስክዎ ያሸገው ኮምፕረሰሬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኮምፕረሰሩ እንዲያውም ከሁላችን ይልቅ ደህና ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ግድግዳውን እያንቀጠቀጠው ነው።

ሁሉም በሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች እስካሁን እንደታሸጉ መሆናቸውን ጸሐፊዎ ስለነገሩኝ ነው። በእኛ አገር ሰው በትሕትና ሲጽፍ አንባቢው ሰሙን ገልጦ ወርቅ ፍለጋ ይደክማልና፣ እርስዎን ላለማድከም አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳውቅ። እኔ የፊዚክስ መምህር እንጂ ባለቅኔ አይደለሁም፤ የጻፍኩት ሁሉ የጻፍኩት ብቻ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቁ የከተማችን ነዋሪዎች በአጭሩ ላስረዳ። አባቴ በጉልምስና ዘመናቸው ባለተሳቢ ኤን ትሬ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ከደጀን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ይወርዳሉ፣ ማዶ ሽቅብ ይወጣሉ፣ በሳምንቱ ደግሞ ይመለሳሉ። የመኪናዋ ጋቢና ከላይ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ወደ ታች እየሳሳ፣ እየሳሳ መጥቶ ከበሩ እጀታ በታች ነጭ ይሆናል። አባቴ ስለ ደመወዛቸውም ሆነ ስለደረሰባቸው መከራ ብዙ የሚያወሩ ሰው አይደሉም፤ ስለዚያ ሰማያዊ ግን ጀምረው ጨርሰው አያውቁም።

ዛሬ ግላኮማ ይዟቸዋል። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በርትቶ ብርሃንን ከዳር ወደ መሐል እየጠቀለለ የሚሄድ በሽታ ነው። ባሕር ዳር ያያቸው ሐኪም "አባባ፣ የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ግን ለነገ አይበሉ" አላቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ሞጣ ስንደርስ "ያቺን መኪናዬን አንዴ ባያት" አሉኝ።

መኪናዋ ከተቆራረጠች፣ ብረቷም ቀልጦ ስንት ቤት በር ከሆነ ዘመን የለውም። ስለዚህ ከዋንዛ እንጨት ክንድ የምታህል አድርጌ ጠርቤ ሠራሁላቸው፤ ከነተሳቢዋ። ቀለሟን በብሩሽ ሞከርኩ። አባቴ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። "ይኼ የግድግዳ ቀለም ነው፤ መኪና እንዲህ አይቀባም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰማያዊን ወደ ነጭ እያሳሳ የሚያወርደው ቀለምን በአየር የሚነፋ፣ እንደ እስክሪብቶ በጣት የሚያዝ ኤርብሩሽ የሚሉት መሣሪያ ነው። እሱን አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ላከልኝ፤ አየር የሚሞላለትን ኮምፕረሰር ደግሞ ደጀን ከአንድ ጎሚስታ ገዛሁ።

ኮምፕረሰር ስለሚጮህ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ግድግዳውን በስቼም የአየር ጎማውን ወደ ሳሎን አወጣሁት። በጎማው ጫፍ ላይ በእጅ ብቻ የሚገጠምና የሚነቀል የናስ ማያያዣ አለ። ቀለበቱን ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ይለቃል፤ ሲለቅም በውስጡ ያለች ትንሽ ክዳን በራሷ ትዘጋና አየሩ ጎማው ውስጥ እንደታመቀ ይቆያል። የኤርብሩሹ ጥርስ ከማያያዣው አልገጥም እያለ ብዙ አንገላቶኝ በመጨረሻ ቀጭ ሲል፣ አጠገቤ የተቀመጡት አባቴ ሳቅ አሉ። "የተሳቢ ፍሬን አየር ነው እኮ! እኛ በጨለማ፣ በእጃችን ነበር የምንገጥመው" አሉኝ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ኮምፕረሰሩ ሥር ያለው መጋጠሚያ አየር ያፈስ ነበር። በሳሙና አረፋ ፈልጌ አገኘሁት፤ ማፍሰሱን የሚያቆመውን ቴፍሎን ልጠመጥምበት በእጄ ይዤ ሳለሁ የዴስክዎ ባልደረባ አቶ ሰማው ከአጃቢዎቻቸው ጋር ገቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ምስጋና ነው።

፩ኛ. በቅድሚያ ስለ ጥልቅ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። አቶ ሰማው "ይህ ሥራ ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ በትርፍ ጊዜዬ ለደስታዬ የማደርገው ነው ብላቸው "መምህር፣ ትርፍ ጊዜ አለዎት ማለት ነው? ይሄ ራሱ መጣራት አለበት" አሉ። ፈቃድ ያስፈልገው ከሆነ ላውጣ አልኩ፤ ፈቃድ የሚሰጠው ለነጋዴ መሆኑን ነገሩኝ። ነጋዴ እንዳልሆንኩ ሳስረዳ ደግሞ ያለ ፈቃድ ኮምፕረሰር ማንቀሳቀሴን በገዛ አፌ እንዳመንኩ አስመዘገቡ። እንግዲህ ፈቃድ የማያስፈልገኝ በመሆኔ ፈቃድ አይሰጠኝም፤ ፈቃድ ስለሌለኝም እታሸጋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሎጂክ የሚባል ትምህርት ተምሬ ነበር፤ ጊዜዬን እንዳባከንኩ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

፪ኛ. ስለ ማስረጃ አያያዝዎም እንዲሁ። ኮምፕረሰሩ በዚያ ሰዓት እየሠራ ነበርና ከመታሸጉ በፊት ላጥፋው ብል "ማስረጃ አይነካም፤ በተገኘበት ሁኔታ ነው የሚታሸገው" ተባልኩ። እናም በሩ ተዘግቶ፣ ወረቀቱ ተለጥፎ፣ ማኅተሙ አርፎበት፣ ማሽኑ ከነሩጫው ታሸገ። መጋጠሚያው ስለሚያፈስ የማሽኑ የአየር በርሜል ይጎድላል፤ ሲጎድል ማሽኑ ማንም ሳያዘው ተነስቶ ይሞላል፤ ሞልቶ ዝም ይላል፤ ደግሞ ይጎድላል። በዚህች ከተማ ያለ ተቆጣጣሪ የሚሠራ ሠራተኛ ለማየት የሚፈልግ ቢኖር ቤቴ ክፍት ነው፤ ከዕቃ ቤቱ በቀር።

ዋናውን መብራት እንዳላጠፋው ቆጣሪው ለግቢው ሁሉ አንድ ነው፤ ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ ቅዝቃዜ እንዳይለየው የታዘዘ የአባቴ የዓይን ጠብታ አለ። ጎረቤታችን እማሆይ ወለተ ሥላሴ ባለፈው አጥር ላይ ሆነው "ያየህ፣ መብራት ይጥፋ ብዬ የምጸልይ መነኩሲት አደረግኸኝ" ብለውኛል። ጸሎታቸው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ግን መብራቱ ይመለሳል።

፫ኛ. ስለ ጥንቃቄዎ። አቶ ሰማው ሊወጡ ሲሉ ከግድግዳው የሚወጣውን ጎማ አዩና ከታሸገ ክፍል አየር ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ በማለት በማያያዣው ላይ ሌላ ወረቀት ጠምጥመው አተሙበት። እነሆ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው። አየሩ ጎማው ውስጥ ተወጥሮ፣ ኤርብሩሹ ጠረጴዛው ላይ ታጥቦ፣ መኪናዋ ራቁቷን ቆማ፣ በመካከላቸው ምላስ የማታህል ወረቀት አለች። በዚህ ቤት ሁለት ግፊት አለ፤ አንዱ ዕቃ ቤት፣ ሌላው አባቴ ዓይን ውስጥ። በወረቀት የቆመልን አንደኛው ብቻ ነው።

፬ኛ. ከሁሉ በላይ ስለ መመሪያዎ። ይከፈትልኝ ብዬ ቢሮዎ ስመጣ "ያሸገው እጅ ነው የሚከፍተው" አሉኝ። ያሸገው እጅ ግን ወደ ሞጣ ተዛውሯል። ሞጣ ሄድኩ። አቶ ሰማው በአክብሮት ተቀብለው ሻይ አዘዙልኝ። "መምህር ይሙቱ፣ በእኔ በኩል ችግር የለም። ግን ማኅተሙ የቢቸና ነው፤ እኔ ዛሬ የሞጣ ሰው ነኝ፤ የሌላ ከተማ ማኅተም ብቀድ እከሰሳለሁ" አሉኝ። ቀጥለውም ለእኔ በማዘን "በብሩሽ አይቀቡትም እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ። ወደ እርስዎ ተመለስኩ፤ እርስዎም አቶ ሰማው መጥተው ይክፈቱ፣ ነገር ግን ለተዛወረ ሠራተኛ ውሎ አበል የሚከፈልበት አሠራር የለንም አሉኝ። በራሴ ወጪ ላምጣቸው ስል ጉቦ እንደሚሆን አስጠነቀቁኝ። እንደገና ወደ ሞጣ። እንደገና ወደ እርስዎ። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ የሚኒባስ ረዳቶች ሁሉ ስሜን ያውቃሉ፤ አንዱማ "መምህር፣ ዛሬም አየር ፍለጋ ነው?" ይለኛል።

ከሞጣ በተመለስኩ ቁጥር የአባቴን ወንበር ወደ መስኮቱ ትንሽ ቀረብ ብሎ አገኘው ነበር። ማንም አልገፋውም፤ ራሳቸው ናቸው ብርሃኑን የተከተሉት። መጨረሻ ላይ ወንበሩ ግድግዳውን ነካ። ከዚያ በኋላ የሚጠጋበት ቦታ አልነበረም። ይህንን በምን ቁጥር እንደማስገባው ስላላወቅኩ ቁጥር ሳልሰጠው አልፌዋለሁ።

፭ኛ. አሁን ወንጀል ላመለክት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሞጣ በነበርኩበት ቀን ባለቤቴ ቡና ልታስፈጭ ወጣ ብላ ስትመለስ ከሳሎን የሚያፏጭ ድምፅ ሰማች። አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ግድግዳውን በእጃቸው ተከትለው ጎማውን አግኝተዋል። ጫፉ ላይ የተጠመጠመውን ነገር ቆሻሻ መስሏቸው ጨምድደው ጥለውታል፤ የመንግሥት ማኅተም መሆኑን አላዩም። ቀለበቱን ሳብ፣ ኤርብሩሹን ቀጭ፤ እጃቸው የዱሮውን አልረሳም። ጠረጴዛው ላይ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ብልቃጦች ነበሩ፤ አንዱ ሰማያዊው፣ ሌላው ከሰማያዊው በፊት ለመደብ የሚቀባው ግራጫ። ጥሩአየሁ ስትደርስ አባቴ መኪናዋን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ በቀኛቸው ይነፉ ነበር። ልታስቆማቸው ፈልጋ ፊታቸውን ስታይ አልቻለችም። በሩ ላይ ቆማ እኔ እስክመጣ ጠበቀች።

ስደርስ ጨርሰው ተቀምጠዋል። መኪናዋ ከላይ እስከ ታች ግራጫ ናት። ኮምፕረሰሩ ከታሸገ ወዲህ በበርሜሉ ውስጥ ከአየሩ የሚጠራቀመው ውሃ ስላልተቀዳ፣ የዛገ ውሃ አብሮ ወጥቶ በላይዋ ላይ ነጠብጣብ ጥሎባታል። አባቴ ወደ እኔ ድምፅ ዞር ብለው "ያየህ፣ ሰማያዊው ወጣ?" አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ለግማሽ ነጥብ የሚያለቅስ ተማሪ ፊት የማልራራ ሰው ነኝ። ባልደረቦቼ ስለ ግትርነቴ በየሻይ ቤቱ ያሙኛል፤ ሐሜቱም እውነት ነው።

"ወጣ፣ አባባ" አልኳቸው።

"ወደ ታች ሳስቷል?"

"ሳስቷል።"

"እንግዲህ አየኋት" አሉና እጃቸውን ጋቢናዋ ላይ አሳረፉ።

ይህ ውሸት የእኔ ሥራ ቢሆንም የጋራ ውጤታችን ነውና፣ በዴስክዎ የዓመቱ የሥራ ክንውን ሪፖርት ውስጥ ተገቢው ቦታ እንዲሰጠው በትሕትና አመለክታለሁ። እንዲከፈትልኝ ያቀረብኩትንም ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። ሰማያዊው ብልቃጥ እስካሁን ሙሉ ነው፤ የሚያየው ሰው ግን የለም። አባቴን በማኅተም መቅደድ ለመክሰስ ካሰቡ አልሸሽጋቸውም፤ መስኮቱ ሥር ያገኟቸዋል። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ ክሱ ሲረቀቅ "እያዩ ቀደዱት" የምትለዋ ቃል እንድትቀር። የባሕር ዳሩ ሐኪም ይመሰክራል፤ እርስዎም ይመሰክራሉ፤ ጊዜውን በሚገባ የጠበቁልን እርስዎ ነዎትና።

የወንበርዎን እግር እግዚአብሔር ያጽና፤ ማኅተምዎን ከደረቅ ቀለም፣ ደጅዎን እንደ እኔ ካለ ደጅ ጠኚ ይሰውርልዎ፤ ለተዛወሩትም፣ ለሚዛወሩትም፣ ቆይ ነገ ለሚሉትም ሁሉ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ በታሸገ ቤቴ ውስጥ እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ
ያየህ ገብረ ማርያም
የፊዚክስ መምህር
ቢቸና፣ ሰኔ ፳፻፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ኤን ትሬ አየሩ በርሜል ውስጥ ሳይሞላ ፍሬን የለውምና ሾፌር ሞተር አስነስቶ እስኪሞላ ይጠብቃል። አሁን ኮምፕረሰሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ተነስቶ በጮኸ ቁጥር አባቴ መኪናዋን እቅፋቸው ውስጥ ያደርጉና "አየር እየሞላች ነው፤ ጥቂት እንጠብቅና እንነሳለን" ይሉኛል። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ እጠብቃለሁ። የምንጠብቀው እርስዎን መሆኑን አልነገርኳቸውም፤ ከአንድ በላይ አልዋሽም ብዬ እንጂ፣ ኃላፊው መልካም ሰው ናቸው ብዬ ላጽናናቸው አስቤ ነበር።