አሥራ አንዱ በቀይ ክር፣ ዘጠኙ በነጭ

ሐሙስ፣ ሰኔ 18 ቀን
ከጣሪያው ላይ፣ ከመሣሪያህ አጠገብ

ለምወድህና ለተቀየምኩህ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። እናትህም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል፣ ምላሳቸውን ግን ምንም አልነካውም። ደብዳቤውን ማን በእጅህ እንደሰጠህ አይተሃልና መቼም ደንግጠሃል። እሱን እመለስበታለሁ። አብሮት የመጣውን ካርቶን ግን ክፈተው የምልህ ቦታ ሳትደርስ እንዳትከፍተው። በተለይ እሷ እንዳትከፍተው።

ለአራት ቀን ብለህ ሄደህ ይኸው ሦስት ወር ሊሞላህ ነው። ሁለት ሸሚዝና ነጭ ጋዋንህን ይዘህ ነበር የወጣኸው፤ የዚያኛውን ከተማ አየር መለኪያ አስተካክዬ እመለሳለሁ ብለህ። በማግስቱ በሽታው ገባ ተባለና አውቶቡስ ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይርጋ ተባለ። አንተም ባለህበት ረጋህ። ያለህበት ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ እንግዳ ማረፊያ ነው፦ ሁለት ክፍል፣ አንድ ምድጃ። በአንዱ ክፍል አንተ፣ በሌላው አብራህ የምትሠራው ኬሚስቷ። እኔ እዚህ ከእናትህ፣ ከስፌት መኪናዬና ጣሪያችን ላይ ከተከልከው የአየር መለኪያ መሣሪያ ጋር ቀረሁ።

መሣሪያውን በስልክ ነበር ያስተማርከኝ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ በጓንት፣ በወረንጦ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ» እያልክ። ክቧን የማጣሪያ ወረቀት አወጣለሁ፣ ክዳን ያላት ፕላስቲክ ውስጥ አደርጋታለሁ፣ ቀን እጽፍባታለሁ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን አስቀምጣታለሁ። ቁጥሩን መሣሪያው ራሱ በየአምስት ደቂቃው ይልክልሃል፤ ወረቀቶቹ ግን መንገድ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ከፀጉር ሠላሳ ጊዜ የቀጠነ ብናኝ እንደሚይዙ ነግረኸኛል። ይህን ያህል የቀጠነ ነገር ማየት የሚችል ሰው የእኔን ነገር ሳያይ መቅረቱ ይገርመኛል።

የመጀመሪያው ወር ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። መኪና የለም፣ ፋብሪካው ጭጭ ብሏል። ማጣሪያው ነጭ ሆኖ ገብቶ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ያሰጣሁት አንሶላ ሳይጠቁር ይደርቃል። እናትህ ማሳል ትተው መዝፈን ጀመሩ፤ የቱ እንደሚሻል አልነግርህም። አንድ ቀን ከውኃ ታንከሩ ጎን ቆሜ ቀና ስል፣ አሥር ዓመት እዚህ ኖረን አይተነው የማናውቀው ተራራ ከነጫፉ ቁጭ ብሏል! ልነግርህ ስልኬን ሳነሳ አንተ ደወልክ።

«ታምኛለሽ? ከመስኮታችን ተራራ ታየን!» አልከኝ።

መስኮታችን። ታየን። እኔ የእኔን ተራራ ሳልነግርህ ስልኩን ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲያ መቁጠር ጀመርኩ። በሃያ ደቂቃ ስልክ ውስጥ «እሷ» አሥራ አራት ጊዜ ተነሳች። እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ ሩዝ ስትቀቅል እንዲህ ነው የምታደርገው፣ እሷ ስትስቅ ሳቋ ይጋባል። ሩዝ እኮ እኔም እቀቅላለሁ! ቀጥሎ የላክልኝን ፎቶ ደግሞ አስታውስ፤ ላቦራቶሪውን ልታሳየኝ ነበር ያነሳኸው። እኔ ያየሁት ግን ከበሩ ጀርባ አንድ ሚስማር ላይ የተደራረቡ ሁለት ጋዋኖችን ነው። የታችኛው ያንተ ነው፤ ኪሱን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ አይጠፋኝም። ከላይ የተሰቀለውን ማን እንደሰፋው አላውቅም።

እየቆየ ስልክህ ሳሳ። በየቀኑ የነበረው በሁለት ቀን፣ ከዚያ በሳምንት ሆነ። «ሥራ በዛ» ትላለህ። አገር ምድሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፣ የእናንተ ብቻ በዛ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የኤሌክትሪክ ካውያዬ ተቃጥሎ በከሰሉ ካውያ የሰፋሁትን ማስክ ስተኩስ የነበረበትን ቀን ታስታውሳለህ? አታስታውስም፣ አልነገርኩህማ። እናትህን ጭሱ እንዳያስቸግራቸው ብዬ ከሰሉን ጣሪያ ላይ አቀጣጠልኩት፤ መሣሪያህ አጠገብ መሆኔን ልብም አላልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

«ምን ሆናችሁ? ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት ወደ መቶ አርባ ዘለለ! እሳት ተነሳ እንዴ? ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ድምፅሽ ጠፍቷል። በደንብ ትበያለሽ? እንቅልፍስ?»

አርባ ደቂቃ አወራኸኝ። «እሷ» አንዴ ብቻ ነው የተነሳችው፣ እሱም በመጨረሻ። ስለ ካውያው ልነግርህ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

ከዚያ ሳምንት ሙሉ አየሩ ንጹሕ፣ ስልኩም ንጹሕ። በስምንተኛው ቀን ከማስኩ የተራረፈውን ጨርቅ በጣሳ አድርጌ መሣሪያህ አፍ ሥር አኖርኩና ክብሪት ጫርኩ። ደወልክ። ከዚያ ሌላ ቀን፣ ከዚያ ሌላ። ካውያውን ጨምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስንት እፍኝ ጨርቅ እንደሆነ የደንበኛ ልክ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ መዝግቤዋለሁ። ያንተ ሚስት ነኝ፤ ሳልመዘግብ አላቃጥልም።

ሳልነግርህ ትቼው በቀረሁ ነበር፣ ኬሚስቷ ባትራቀቅ ኖሮ። አንድ ቀን ደስ ብሎህ ደወልክ።

«ምክንያቱን አገኘችው! ሰዉ ቤት መዋል ሲሰለቸው በየጓሮው ቆሻሻ ማቃጠል ጀምሯል። መኪናው ሲቆም ብናኙ ሰፈር ገባ ማለት ነው። ማንም ያላየው ግኝት ነው፣ የሁለታችን ግኝት!»

የሦስታችን ነው እንጂ፣ ክብሪቱ የእኔ ነው። ልልህ ፈልጌ ክብሪቱን ኪሴ ከተትኩት። ሰፈራችን ጓሮ እንኳ የለውም እኮ! አንተ ይህን ታውቃለህ፤ አሥር ዓመት የኖርክበት ሰፈር ነው። እሷ ስትናገር ግን ጓሮ ታየህ።

ያቆሙኝ እናትህ ናቸው። በአሥራ አንደኛው ቃጠሎ ቀን ደረጃውን በዚያ ጉልበታቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያቃጠልሽ ነው?»

«ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው እማማ።»

«ጨርቅ እንዲህ አያስለቅስም» አሉኝ፤ ቀጥሎም ሳሉ። ያ የተዋቸው ሳል ተመልሶ መጥቶ ግድግዳ አስያዛቸው። በአንድ እጃቸው ደረታቸውን በሌላው ግድግዳውን ይዘው ጣሳውን በነጠላ ጫማቸው ልክ እንደ ኳስ ሲጠልዙት ብታይ! «ለስልክ ብለሽ እኔን ልታጨሺኝ ነው? ለራሱ ደውለሽ ናልኝ አትዪውም?» አሉኝ። አፍሬ መሬት ዋጪኝ አልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክብሪት አልጫርኩም፤ ቤት ውስጥ ለምድጃው የሚጭሩት እንኳ እሳቸው ናቸው።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ።

ክብሪቱን ከተውኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ፣ ማጣሪያውን ሳወጣው ግራጫ ነው። ደነገጥኩ። ጣሳው የለ፣ ከሰል የለ። በማግስቱም ግራጫ። ዓርብ ጥቁር ሊሆን ትንሽ ቀረው። ከጣሪያው ጠርዝ ቁልቁል ሳይ ነገሩ ገባኝ፤ ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ ሁሉም ተመልሷል። ተራራው የለም። እናትህ ዘፈኑን አቋረጡ።

ስልኬን በኪሴ ይዤ ጠበቅኩህ። ለአንድ ጣሳ ጨርቅ በሩብ ሰዓት የሚደውል ሰው፣ ቁጥሩ ቀን ከሌት ሲዘል እንዴት ዝም ይላል? መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ ሦስት ጊዜ አየሁት። ደህና ነው። እሑድ እናትህ ራሳቸው ደወሉልህ፣ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

«መንገዱ ገና ነው እማዬ፣ አልተከፈተም» አልካቸው።

ስልኩን ዘግተው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ «ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲዋሽ ጉሮሮውን ይጠርጋል» አሉ። «አሁን ስንቴ ጠረገ?» አልኳቸው። በሦስት ጣታቸው አሳዩኝ።

ትናንት ጠዋት ምድር ቤት ያሉት ጎረቤታችን፣ ጋሼ ሹፌሩ፣ ትልቁን አውቶቡስ በር ላይ ሲያጥቡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ወዴት ሊሄዱ ነው?»

«ወዴት ትያለሽ? ባልሽ ወዳለበት ነዋ! ነገ ስሄድ ሦስተኛ ጉዞዬ ነው።»

«መንገዱ ተከፍቷል እንዴ?»

«ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ! ምነው፣ አልነገረሽም?» አሉና ወዲያው ባልዲያቸውን የሚፈልጉ መሰሉ። ባልዲው እጃቸው ላይ ነበር።

እንግዲህ በእሳቸው እጅ የላክኩልህን ካርቶን ክፈተው። በቀይ ክር የታሰሩት አሥራ አንዱ የእኔ ናቸው፤ የደብተሩንም ገጽ ቀድጄ አብሬ አስሬዋለሁ። በሚመጣው ማክሰኞ ለባለ ሥልጣናቱ እናነባለን ባልከኝ ሪፖርት ውስጥ ሰፈሬን በማታቃጥለው ቆሻሻ እንዳታስወቅሱት። ኬሚስቷ ወረቀቶቹን ስታሟሟቸው የጨርቄን ቀለም ማግኘቷ አይቀርም፤ ከእሷ አፍ ከምትሰማው ከእኔ እጅ አንብበው ብዬ ነው። ጉዴን እንኳ ለእሷ አላካፍልም።

በነጭ ክር የታሰሩት ዘጠኙ የእኔ አይደሉም። የመጨረሻውን ዛሬ ጠዋት በጓንት፣ በወረንጦ፣ ትንፋሼን ይዤ አወጣሁት። ዘጠኙም የጠቆሩ ናቸው፤ ስለ አንዱም አልጠየቅከኝም። የማትጠይቀው መልሱን ስታውቀው ነው።

ለኬሚስቷም አንድ ማስክ ሰፍቼ ልኬያለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሦስት ድርብ ነው፤ እንኳን ብናኝ ሳቅም አያሳልፍም። ይጋባል ስላልከኝ ነው።

ጋሼ ሹፌሩ ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከዚያ ይነሳሉ። ከጀርባቸው ያለችውን መቀመጫ ለማንም አልሰጥም ብለውኛል። እኔ ቅዳሜ ማታ አውቶቡሱ ሲቆም ከጣሪያ ሆኜ ማን እንደሚወርድ አያለሁ። የእሑድን ማጣሪያ አልቀይርም፤ ወረንጦውንና አዲሷን ወረቀት መሣሪያው ላይ አስቀምጬልሃለሁ፣ የሚቀይራት ሰው ከመጣ። ካልመጣ መሣሪያውን ነቅዬ ለጋሼ እሰጣቸዋለሁ፤ ያለህበት ድረስ ያደርሱልሃል።

ከእንግዲህ ቁጥሩ ቢዘልም ባይዘልም አትደውል። ና።

እናትህ ይመርቁሃል፣ እኔም ከሥራቸው አሜን እላለሁ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ፣ ወዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ተራራዋን ያላሳየችህ
ሚስትህ

ይህን ስጽፍ እናትህ ከታች ተጣሩ፤ «ጉሮሮህን ጠርገህ እንዳትመልስልን በይው» ብለውሃል።