ለቲቸር ማሊፍ፦ የሐሙሱ ጥያቄህ ገና አልተመለሰም

ሁሴኔ፣

በደብዳቤ ወግ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ተብሎ ይጀመራል። እኔ ግን አልልህም። ጤና ቢኖርህ ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር፤ ከጓዳ ሆኜ እጮህብህ ነበር እንጂ። ስለዚህ ሰላም ለአንተ፣ በዙሪያህ ለተኙት ጎረቤቶችህም ሁሉ ይሁን። ከተለየኸን ወዲህ ቦርከና ሁለት ክረምት ሞልቶ ጎደለ፤ የጨፋም ማሽላ ሁለት ጊዜ ታጨደ። የመጣው ሰው ሁሉ «አብሽሪ፣ ጊዜ ያስረሳል» ይለኛል። አብሽሬ ነው ያለሁት። የምጽፍልህ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር ስላለ ነው። አንተ ደግሞ አልገባኝም የሚል ሰው ከመጣ፣ ጎርሰህ ሳትውጥ ከገበታ የምትነሣ ሰው ነበርክ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እናትህ ደህና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ። አሁንም የሠራሁትን ወጥ ቀመስ ያደርጉና «ሁሴን እንዲህ አይወድም» ይላሉ። ሞተህም ወጥ ታማርጣለህ ማለት ነው። ባጃጆቹ በዝተው በራችን ድረስ ይመጣሉ፤ «ወዴት ነው እንዲህ የምትሮጡት?» እያልክ መንገድ ላይ ታቆማቸው የነበሩት ሾፌሮች የሚጠይቃቸው ስላጡ እንደ ልባቸው ይሮጣሉ። ከግቢው ጥግ የተከልከው ፓፓያ ወንድ ሆኖ አረፈው። አበባ እንጂ ፍሬ የለም። ጎረቤት በሙሉ «ቁረጪው እንጂ፣ ምን ይሠራልሻል?» ይለኛል። አንድ ቀን መጥረቢያ ይዤ ወጣሁና ለምን እንደሚኖር ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ዝምታው ያንተን ስለመሰለኝ ተውኩት።

አየህ፣ ከአንተ ጋር መኖር ማለት ይኸው ነበር። የሥነ ዜጋ መምህር ሆነህ አንቀጽ ከምታስሸመድድ በአማርኛ «ለምን?»፣ በኦሮምኛ «ማሊፍ?» እያልክ ስለምትዞር ልጆቹ ቲቸር ማሊፍ ብለው አወጡልህ። ከሚሴም ተቀብሎ አጸደቀው። ለአረፋ በግ ልንገዛ ጨፋ ሮቢት የወረድንበትን ቀን አትረሳውም። እኔ ዋጋ ስከራከር፣ አንተ ባለበጉን «ለመሆኑ በግ ከማርባት ሌላ ምን ያስደስትሃል?» ብለህ ያዝከው። ሰውየው ቁጭ ብሎ የልጅነቱን ሁሉ ሲያወራህ በጉን ወንድሙ ለሌላ ሸጠው። ለበዓሉ ዶሮ በላን። አንተ ግን «ምን የመሰለ ሰው አገኘሁ!» እያልክ ሳምንቱን ሙሉ ፈነደቅክ።

የሐሙሱን የውይይት ክፍለ ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ ለምነህ አግኝተህ መጀመሪያ ያስተማርክ ዕለት ደግሞ እንዴት እየሳቅክ ቤት እንደገባህ! ክፍሉ ፊት ቆመህ፣ እንደ ልማድህ ሁለት መዳፍህን ወደ ላይ ዘርግተህ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ «ልጆች፣ ለምንድን ነው የምንኖረው?» ስትል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አሚን!» አለ። ከፊት ተርታ ፊታቸውን በመዳፋቸው ያበሱም ነበሩ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው መዳፉን ከዘረጋ ምን ይጠበቃል? ጆሮ ሳይሰማ አፍ አሚን ይላል። ሌላ መምህር ቢሆን ይቆጣ ነበር። አንተ ግን ወደድከው፤ ከዚያ ወዲህ በየሐሙሱ መዳፍህን ዘርግተህ ትጠይቃለህ፣ እነሱም አሚን ይላሉ፣ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ኤክስን ፈልጉ ከተባለ ኤክስ ይገኛል፤ ካልተገኘም የጠፋበት ምክንያት ይጻፋል። አንተ ግን በየሳምንቱ የማይመለስ ጥያቄ ይዘህ ገብተህ፣ ልጆቹን አነካክሰህ፣ አንድም መልስ ሳትሰጥ ደስ ብሎህ ትወጣለህ። «ለመሆኑ የራስህ መልስ ምንድን ነው?» እያልኩ ስንቴ ጠየቅኩህ? አንድ ጊዜ ጠዋት ካልሲ ስትፈልግ ብጠይቅህ «ለዛሬው ካልሲዬን ለማግኘት ነው የምኖረው» አልከኝ። ሌላ ጊዜ «አንቺስ?» ብለህ ጥያቄውን መለስክልኝ። በዚህ ዓይነት መልሱን ይዘኸው መቃብር ገባህ።

ከአርባህ ሰደቃ በኋላ ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «ቲቸር ፋጡማ፣ የባለቤትሽን ሐሙስ ያዢው» አሉኝ። ያዝኩት። የመጀመሪያው ዕለት ተማሪዎቹ መዳፌን ሲጠብቁ እኔ ጠመኔ ይዤ «ዓላማ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ አሰመርኩበት። እንደ ጎረምሳ በግ አፈጠጡብኝ። እየዋለ እያደር ግን እኔም ሱሱ ያዘኝ። የሐሙስ ዕለት አልጀብራ ሳስተምር እንኳ ልቤ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ይሆናል። ይሄን በሕይወት እያለህ ብነግርህ ኖሮ ታላግጥብኝ ነበር።

ታዲያ ዘንድሮ ትእዛዝ መጣ። ውጤቱ የማይለካ ክፍለ ጊዜ ታጥፎ ለማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ ከዞን ጎብኚ መጥተው አይተው ይወስናሉ ተባለ። ማጠናከሪያው የምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሒሳብ! የእኔው ኤክስ ያንተን ሐሙስ ሊውጥ አሰፈሰፈ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል እል ነበር። ያን ቀን ግን ሁለተኛ ልትሞትብኝ መሰለኝ፤ በመጀመሪያው አልጠየቁኝም፣ በዚህኛው ግን ዝም አልልም አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ መላ አላቸው። ተማሪዎቹ በአንድ ለአምስት ተደራጅተው የሕይወትን ዓላማ ይወያዩበት፣ በጋራ ያጽድቁት፣ በትልቅ ወረቀት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ጎብኚው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው ወረቀቱን ሠራን፤ ያ ረቡዕ አንተን ያላሰብኩበት ደቂቃ የለም። አንዱ ቡድን አምስቱም ዶክተር ለመሆን በሙሉ ድምፅ ወሰነ፤ ማን ታሞ እንደሚታከምላቸው አልተወያዩም። አንዱ ቡድን ተከፋፈለ፤ ሦስቱ ገነት መግባት፣ ሁለቱ ሳዑዲ መግባት ፈልገው በድምፅ ብልጫ ገነት አሸነፈ። የዘይነባ ቡድን ወረቀት ባዶ ነበር። ዘይነባን አንተ አታውቃትም፤ ካንተ በኋላ ከገጠር የመጣች፣ ምላሷ እንደ እኔ የሰላ ልጅ ናት። «ምነው?» ብላት «ቲቸር፣ እኛ ገና እየጠየቅን ነው» አለችኝ። ባዶውን ለጠፍነው።

ሐሙስ ጎብኚው መጡ። በዚያ ሙቀት ሱፍ ኮታቸውን አላወልቅ ያሉ፣ ፋይላቸውን እንደ ሕፃን ያቀፉ ትልቅ ሰው ናቸው። ዶክተሮቹን አዩ፣ ገነትና ሳዑዲን አዩ፣ ባዶው ወረቀት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይኸስ የማን ነው?» አሉ። ዘይነባ ተነሣች። «የእኛ ነው አባቴ። የእርስዎን ብንሰማ ይቀለን ነበር። እርስዎ ማሊፍ ነው የሚኖሩት?» አለቻቸው።

የርዕሰ መምህሩ አንገት ትከሻቸው ውስጥ ገባ። እኔ በልቤ የሒሳብ ማጠናከሪያውን ዕቅድ ማውጣት ጀምሬያለሁ። ሰውየው ፋይላቸውን ገልጠው አዩ፤ እዚያ ውስጥ የለም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። በመጨረሻ ፋይሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና «እንጃ ልጄ» አሉ። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። «አላህ ያሳየን፤ ሳያሳየንም አይውሰደን።»

«አሚን!» አለ ክፍሉ። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ርዕሰ መምህሩ ክርስቲያን ናቸው፤ እሳቸውም «አሜን» ብለው ተከተሉ። ዱዓ ደግሞ አንዴ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለፈተናው፣ ለሰላሙ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም እያፈራረቁ ሲመርቁን ደወል ተደወለ። ሪፖርታቸውን በኋላ አየሁት፦ «የተማሪዎቹ የሕይወት ዓላማ በሂደት ላይ ነው፤ ተከታታይ ክትትል ያስፈልገዋል።» ሐሙስህ ተረፈች። ለክትትሉም ሰውየው ራሳቸው ይመጣሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከልጆቹ ጋር ይከራከራሉ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ያን ዕለት ክፍሉ አሚን ሲል እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። በመጨረሻው ቀንህ አልጋህ አጠገብ፣ ከሰዓት፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ እግርህ ላይ አርፋለች። «ይኸው አሁን እንኳ ንገረኝ፤ መልስህ ምን ነበር?» አልኩህ። መቼም እኔ አፌ አያርፍም። አንተ ፈገግ አልክና መዳፍህን ከብርድ ልብሱ አውጥተህ ዘረጋህ። ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ መልስ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ እጅህ ደከመና ወረደ። ሁለት ክረምት ሙሉ «ሳይነግረኝ ሄደ» እያልኩ ለሰው ሁሉ ስከስህ ነበር። የተዘረጋ መዳፍ ፊት መልስ የሚጠብቅ ወሎዬ ከእኔ በቀር አይተህ ታውቃለህ?

ምን ብለህ እንደለመንክ ግን አሁንም ማወቅ እፈልጋለሁ። ለእኔ ነው? ለልጆቹ? ወይስ ስለዚያ ፍሬ ስለሌለው ፓፓያ? በየሐሙሱ ክፍል ስገባ አስብሃለሁ፤ መዳፌን ዘርግቼ ጥያቄህን በሁለቱም ቋንቋ እጠይቃለሁ፤ ልጆቹም ጣሪያውን ያናጉታል። እኔ እስካለሁ ይኸ አይቀርም፤ እኔ ስቀር ደግሞ ዘይነባ ትኖራለች።

ያን ከሰዓት የለመንከውን ባልሰማውም፣ እነሆ ዘግይቼም ቢሆን፦

አሚን፣ ሁሴኔ።

የአንተው ፋጤ፣ ከከሚሴ