ያለ ገመድ የተሳፈረችው መብራት

ሰሜን ባሕር ላይ፣ መርከብ ውስጥ
እሑድ፣ ኦክቶበር 19 ቀን

የኔ ኬረንሳ፣ የእናትሽ ዓይን፤

ከላይ የጻፍኩትን አንብበሽ "እማዬ ደግሞ ቀልድ ጀመረች" ሳትዪ አትቀሪም። አልቀለድኩም። ካባትሽ ጋር መርከብ ላይ ነን። ወረቀቱም የመርከቡ ነው። ጠረጴዛው ስለሚወዛወዝ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ባሕሩን እንጂ እኔን አትውቀሺ።

ነገ ጠዋት ስታቫንገር ስንደርስ ወርጄ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባዋለሁ። እንግዳ ተቀባይዋ፣ እኛ ትሮምሶ ከመድረሳችን በፊት እጅሽ ይገባል ብላኛለች። አዎ፣ ትሮምሶ፣ ያንቺው ከተማ። ቅዳሜ ጠዋት ደርሰን ማታውኑ እንነሳለን። እሑድ እሑድ በስልክ ስናወራ ምነው ሳትነግሪኝ ትዪኝ ይሆናል። ፈራሁ ልጄ። አባትሽ የመርከቡ በር ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ አንቺም በከንቱ ትጠብቂያለሽ ብዬ ፈራሁ። ደግሞም ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ የተነሳው ከሐኪም ቤት ነው። አባትሽን ሆዱን ትንሽ አሞት ነበር፤ አሁን መድኃኒቱን እየወሰደ ነው፣ ደህና ነው። ትሩሮ ከተማ ያለችውን ሐኪሙን ስለ ጉዞ ሳማክራት "ለሚመጣው ዓመት አታቆዩት፣ አሁኑኑ ሂዱ" አለችን። በዚህ ወቅት ትኬት ስለሚረክስ ይሆናል።

ቤት ገብተን "ትሮምሶ የሚሄድ መርከብ አለ" ስለው ጋዜጣውን ከፊቱ አላነሳም።

"ሰማይ ላይ የሚጨፍረው አረንጓዴ መብራት እዚያ ነው አይደል የሚታየው?"

"እዚያ ነው።"

"እሱን አይቼ አላውቅም" አለ። በቃ፣ ይህችው ናት። አንቺ ከኤይናር ጋር የሄድሽ ዕለት የኤሌክትሪክ መጠገኛ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ "ይህን ሱቅ ጥለሽ ከሄድሽ ተመልሰሽ እንዳትመጪብኝ" ካለሽ ወዲህ ስምሽን ጮክ ብሎ ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። ሠርግሽ ቀረበት፣ ሲግኒ ተወለደች፣ እሱ እንደሆነ ወይ ፍንክች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው ነገሩ። አንቺስ ብትሆኚ ከማን ወረስሽው? ስንት ጊዜ ስትደውዪ አንድ ቀን "እስቲ አባዬን አቅርቢልኝ" ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ይኸውልሽ፣ አልቆጣም ብዬ ተቆጣሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው ልግባልሽ። ከመሄዳችን በፊት የሚከለከለውን ዕቃ ሁሉ የሚናገር ወረቀት ደርሶን ነበር። ካውያ አይገባም፣ ዲቫይደር አይገባም፣ ውሃ ማፍያ አይገባም፤ ባጠቃላይ የሚግል ነገር ሁሉ አይገባም። ሻዩስ? መርከቡ ላይ ሻይ አለ ይላሉ። አዎ አለ፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ከረጢት። እኔ ደግሞ ውሃው እፊቴ ሲንተከተክ ካላየሁ ሻይ አልለውም። አብራኝ የምትዘምረዋ ቤሪል "ከውስጥ ልብስሽ መሀል ወሽቂው፤ የትኛው ወንድ ፈታሽ እዚያ እጁን ያገባል?" ብላ መከረችኝና ማፍያዬን ጠቅልዬ የእጅ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

አባትሽ በር ላይ ቆሞ አየኝ። "ተይ ሂላሪ፣ ሰው ፊት ታዋርጂናለሽ።"

"ሻይ አምጪ ስትለኝ እንተያያለን!" አልኩት። እሱ የራሱን ሻንጣ እንኳን ሊያስነካኝ ሊያሳየኝም አልፈለገም። መድኃኒቱን ይሆናል የሚደብቀው ብዬ ተውኩት።

የሳውዝሃምፕተን ወደብ ያን ዕለት ሰው በሰው ነበር። ሻንጣዬ መፈተሻ ማሽኑ ውስጥ ሲገባ ምንም እንደሌለበት ሰው ጣራ ጣራውን አያለሁ። ማሽኑ ቆመ። ደግሞ ቤሪል እንዳለችው ወንድ መሰለሽ? መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች፣ በኔ ዕድሜ ግድም ያለች ሴት! ደረቷ ላይ ጆስሊን የሚል ስም ተለጥፏል። እጇን ሰደደችና ማፍያዬን መዥረጥ አድርጋ አወጣችው፤ አፍንጫው ላይ ምን ተንጠልጥሎ እንደወጣ አልነግርሽም። ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ሳቀብኝ።

"እመቤቴ፣ በዚህ እንኳ አይፈሩ፤ ብቻዎን አይደሉም" ብላ ከኋላዋ ያለውን መደርደሪያ አሳየችኝ። ከላይ እስከ ታች ውሃ ማፍያ ብቻ ነው። ለካ የአገሩን ሴት ሁሉ የምትመክረው ቤሪል ኖራለች! የኔንም ስሜን ጽፋ ለጠፈችበትና "ከጉዞ ሲመለሱ ይወስዱታል" አለችኝ። አባትሽ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ስለቆየሁ ውርደቴን እንኳ ወደድኩት።

ቀጥሎ የሱ ሻንጣ ገባ፤ ማሽኑ እንደገና ቆመ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ድርግም አለ።

ጆስሊን የሱፍ ሹራቡን ገለጠችና ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? የመብራት ማማሽን! አራት ዓመት ሲሆንሽ ጨለማ ፈርተሽ አልተኛም ስትዪ መርከብ የሚመራውን የወደብ ማማ አስመስሎ ከእንጨት ጠርቦ፣ ነጭና ቀይ ቀብቶ፣ ጫፏ ላይ አምፖል ያስገባልሽን። ከጣራ ሥር መቼ እንዳወረዳት አላውቅም። ቀለሟ ታድሷል።

"ጌታዬ፣ ይቺ የት የተገዛች ናት?"

"አልተገዛችም። እኔ ነኝ የሠራኋት።"

ገመዷን በጣቶቿ እያሻሸች አየችው። በጨርቅ የተሸፈነ የድሮ ገመድ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ተበልቷል። "ይቅርታ ጌታዬ፣ በእጅ የተሠራ የኤሌክትሪክ ዕቃ አናሳፍርም። ገመዱም አርጅቷል። መርከብ ላይ እሳት ከተነሳ ሮጠው የሚገቡበት ጎረቤት የለም። እዚህ ይቀመጥልዎትና ሲመለሱ ይወስዱታል።"

"ስመለስ ምን ያደርግልኛል?" አለ አባትሽ። "እዚያ ነው የምፈልጋት።"

"ለምን ይሆን የሚፈልጓት?"

ከኋላችን አንዱ "ኧረ አባባ፣ መርከቡ ጥሎን ሊሄድ ነው!" አለ። አባትሽ ማማዋን ብብቱ ሥር አደረገና ወደ መውጫው ዞረ። "እንግዲያው እኔም አልሳፈርም። አንቺ ሂጂ ሂላሪ።"

ተከትዬው ሮጥኩ፣ ኬረንሳ። ይህ መርከብ ካመለጠው ሌላ እንደማይኖረው... ሌላ መርከብ ላይ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው ማለቴ ነው። ሄጄ ክንዱን ስይዘው የማማዋን ግርጌ አየሁት። ማማዋን የሰጠሽ ቀን በመሮ የቀረጸው "ኬረንሳ" አለ። ከሥሩ፣ እንጨቱ ገና ነጭ እንደሆነ፣ "ሲግኒ" ይላል። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ እጁ እንዴት እንደታዘዘለት እንጃ። ባለፈው ክረምት፣ እናንተ ጋ ፀሐይ ሳትወጣ በምትከርምበት ጊዜ፣ ልጅቷ ጨለማውን ፈርታ እንደምታለቅስ በስልክ ስትነግሪኝ እሱ ከጎኔ ሬዲዮ የሚሰማ መስሎኝ ነበር። እኔ ቂሏ! የሚሰማው አንቺን ኖሯል።

ሰው ፊት መሆኔን ረሳሁትና ወደ ጆስሊን ዞርኩ። "ለልጅ ልጁ ናት። ትሮምሶ ነው ያለችው። አይቷት አያውቅም።"

"ዝም በይ ሂላሪ!"

"አልልም! ይህን ሁሉ ዓመት ዝም ብልህ ምን አተረፍን?" አልኩትና እንባዬ መጣ። ከኋላ ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬም ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ጆስሊን መነጽሯን አወለቀች። ጥግ ቆሞ ከነበረው አለቃዋ ጋር ተንሾካሾከችና ተመለሰች። "ጌታዬ፣ እኔ የማላሳልፈው ኤሌክትሪኩን ነው። አምፖሉ ወጥቶ፣ ገመዱ ከሥሩ ተቆርጦ ከቀረ፣ ይቺ ለኔ የልጅ መጫወቻ ናት። እንጨት ደግሞ አልከለክልም።"

አባትሽ ማማዋን አገላብጦ ብዙ አያት። የሠራውን ነገር ቆርጦ የሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። ከዚያ መለስ አለና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ሴትዮዋ መቁረጫ ፒንሳ አመጣች። ልትቆርጠው ስትል "ለኔ ስጪኝ" አላት።

ፒንሳውን ገመዱ ላይ አሳርፎ ጨበጠ። አልቆረጠለትም። ደግሞ ጨበጠ። ያ የሰዉን ሁሉ ሬዲዮና ምድጃ ሲፈታ ሲገጥም የኖረ እጅ እምቢ አለው። ጆስሊን አየችና ቶሎ ብላ ፊቷን ወደ ሌላ ሻንጣ አዞረች፤ እግዜር ይስጣት። እኔ እጄን እጁ ላይ ደረብኩና አብረን ተጫንነው፤ ቆረጠ። ገመዷና አምፖሏ መደርደሪያው ላይ ከኔ ማፍያ ጎን ተቀመጡ።

ሊፍት ውስጥ ስንገባ "ሴትዮዋ ልክ ናት" አለኝ። "ያንን ገመድ ይዞ ሱቄ የሚመጣ ሰው ቢኖር እኔም 'ቤትህን ልታቃጥል ነው ወይ' ብዬ እጮህበት ነበር።" ዛሬ ቁርስ ላይ ደግሞ ማንኪያውን አስቀመጠና ብቻውን መሳቅ ጀመረ። ምን ሆንክ ብለው "የኛ ሶኬት እኮ ኖርዌይ ግድግዳ ላይ አይገባም! ዕድሜዬን ሙሉ ሶኬት ስገጥም ኖሬ ይህን ረሳሁት። ለካስ መቆረጧ አይቀርም ነበር" አለኝ። ሳቀ፣ ሳቀና "ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። ላንቺ ነገርኩሽ።

እንግዲህ የምለምንሽ ይህንን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወደቡ ላይ ነይልኝ። እሱ "እኔ አልወርድም፣ የሰማዩን መብራት ከዚሁ አየዋለሁ፤ ዕቃዋን አንቺ አድርሺላት" ብሎኛል። አትስሚው፤ ለዚያ ቀን ሰማያዊ ሸሚዙን ለይቶ ሰቅሏል። ካልተጠራ ግን አይወርድም። መርከቡ ሥር ቆመሽ "አባዬ" በይው፣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም። ማን ይቅርታ ይጠይቅ የሚለውን ተዉት፤ ሁለታችሁም አትችሉበትም።

ስታይው እንዳትደነግጪ። ትንሽ ከስቷል፣ ኮቱም ሰፍቶታል። በሲግኒ ፊት "ምን ሆነህ ነው?" ብለሽ እንዳትጠይቂው። ምግብም ግፋ ቢል ትንሽ ቢቀምስ ነው፤ ብላ ብላ አትበሉት።

ኤይናር ሽቦና የእናንተን አገር ሶኬት፣ አንድ ትንሽ አምፖልም ገዝቶ ያስቀምጥልኝ። እሱ ግን እንዳይገጥመው አደራ። የምግብ ጠረጴዛሽን አጽጂለትና ለአባትሽ ተዉለት። እጁ ዘገምተኛ ሆኗል፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈጅም አትቸኩሉበት፣ መርከቡ እንደሆነ እስከ ማታ አይነሳም። ትንሽ ልጅ ሳለሽ ሱቁ ውስጥ ወንበር ላይ ቆመሽ ባትሪ ታበሪለት አልነበር? አሁንም ብርሃን ካነሰው ያዢለት፤ ሲግኒም ትይዝለት። እኔ ማፍያዬን ስለተቀማሁ ቅዳሜ ሻይ ካንቺ ቤት ነው የምጠጣው፤ ውሃውን እፊቴ አፍዪልኝ።

ደጃፋችሁን ደግ ሰው ያንኳኳው፤ ልጅሽ ከእንቅልፏ ስትባንን ብርሃን ትይ፤ አንቺም ከምትወጂው ሰው ጋር ሳትነጋገሪ የሚመሽ ቀን አይስጥሽ።

እናትሽ ሂላሪ

ይህችን ጨርሼ ነበር፣ አንድ ነገር ረሳሁ። አባትሽ ገጥሞ ሲጨርስ "ብሎኑ ጠብቋል" ይልሻል። እሺ በይው። ከዚያ ሲግኒ እጁን ይዛ መስኮቱን ልታሳየው ስትወስደው፣ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ አጥብቂያቸው። እሱ እንዳያይሽ።