ካሜራ ክፈቱ ተብሏል

ሂሻም፣
መርሳ ከተማ ሄጃለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው።

አንተ «በስልክ ደግሞ ምን ትምህርት አለ!» ብለህ ስትተኛ፣ መምህርህ ስም ሲጠሩ በስልክህ «አቤት» የምለው እኔ ነበርኩ። ኔትወርኩ የሚገኘው የቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብቻ ስለሆነ እዚያ እየወጣሁ።

ይቅርታ። ጥያቄ ሳበዛ የክፍሉ ተጠሪ አድርገውሃል። «ሂሻም ባይኖር ለግድግዳ ነበር የማስተምረው» አሉ።

ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ካሜራ ይክፈት ብለዋል። ስልክህን ቻርጅ አድርጌዋለሁ፤ መሰላሉም ቆሟል። ሸሚዝ ልበስ። ድምፅህ ተለወጠ ካሉህ ግን ጉንፋን ነው እንዳትል፣ ኮሮና ነው ብለው ለይቶ ማቆያ ያስገቡሃል።

የአፈሩን ትምህርት ገና መጀመራቸው ነበር። ማታ ስመለስ ንገረኝ።
አንተ የገባህን ሳይሆን እሳቸው ያሉትን።

ኤፍሬም